ሁለተኛው መዝገብ፣ ገጽ አርባ አንድ

ስታራ ሊፓ፣ ቡልጋሪያ
ኦክቶበር 9 ቀን 2018

ለተወደድሽው ለራሊጻ፣

ይህ ወረቀት ባለሽበት በጤና ያግኝሽ፤ የሰው አገር ብርድም አይክፋብሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በመስቀል ዕለት የእናትሽን መቃብር አርሜ፣ ሻማ አብርቼ ተመልሻለሁ። አብረን ያደግን የአጎቴ ልጅ ናትና ይህን ለማድረግ ማንም አያስታውሰኝም።

በኦገስት ደብዳቤሽ ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል። በተራ እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ ጤናዬን። ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ጋዜጣችን «የሊፓ ድምፅ» በማን እጅ እንዳለ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የከንቲባው የሚስት ወንድም ገዝቶታል። ባለፈው እትም የከንቲባው ፎቶ ስድስት ቦታ ላይ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ። በአንደኛው ሐብሐብ ታቅፏል።

ሦስተኛ፣ ሰው ስለ ጋዜጣው ምን እንደሚል። ሰው የሚለው ስለ ውሃ ነው። ከጁን ጀምሮ ውሃ የሚመጣው በየሁለት ቀኑ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ዘንድሮ ሴቶቹ ቃሪያውን ጠብሰው በጠርሙስ አሽገው የሚቀቅሉበት ውሃ አጥተው የክረምት ስንቁ ግማሹ ተበላሽቷል። ጋዜጣው ግን በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራው አዲሱ የውሃ መስመር «በስኬት ተጠናቋል» ሲል አራት ጊዜ ጽፏል። እኔም ለአንባቢያን ዓምድ ሦስት ደብዳቤ ላክሁ። አንዱም አልወጣም።

አሁን ለምትሠሪበት የዩኒቨርሲቲ ብሎግ የሚጠቅምሽን ነገር ልንገርሽ። በሴፕቴምበር መጨረሻ የጡረታ ማስረጃ ለማውጣት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ነበር። መዝገብ ቤቱን ሃያ ሁለት ዓመት የያዘችው ቬሊችካ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ አልጋ ላይ የዋለች እናቷን በዚያች ደመወዝ የምታስተዳድር ሴት ናት። ገና ስታየኝ፣

«መምህር፣ ለጋዜጣው ሦስት ደብዳቤ ጽፈዋል አይደል?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«እጅዎ ነዋ! ያንን የእጅ ጽሑፍ አላውቀውም እንዴ? ስንት ዜሮ ያገኘሁበት እጅ እኮ ነው።»

ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አይታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና መዝገብ አወጣች። ነገሩ እንዲህ ነው። «የሊፓ ድምፅ» የአንባቢ ደብዳቤ ሲደርሰው አያትመውም፤ ሰብስቦ በየሳምንቱ ለምክትል ከንቲባው ለፕላመን ይልከዋል። ቬሊችካ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት የገባ ወረቀት ሳይመዘገብ አያድርም ብላ የምታምን ሰው ናት። ስለዚህ እያንዳንዱን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥታ፣ ቀኑንና የላኪውን ስም ጽፋ፣ መዝግባዋለች። መዝግቢ ያላት የለም፤ አትመዝግቢ ያላትም የለም። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ሰማንያ ሦስት ደብዳቤ ገብቷል። ሰባ አንዱ ስለ ውሃ ነው። የእኔዎቹ በሁለተኛው መዝገብ፣ ገጽ 41፣ ቁጥር 1176፣ 1190 እና 1203 ናቸው። እዚያው ቆሜ ገለበጥኋቸው።

ልጄ፣ በዚህ አገር ከእንግዲህ የሚሰማን የለም። እናንተ ዘንድ ያሉ ምሁራንና ባለሥልጣናት ያነባሉ ብለሽኛል። ጻፊው። የቬሊችካ ስም ግን በምንም ዓይነት አይጠራ።

ለቅዱስ ዲሚትሪ በዓል ወይም ለገና ትመጪ እንደሆነ አስታውቂኝ፤ ክፍሉን አናፍሰዋለሁ።

አጎትሽ ስቶይል

•

ለንደን፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2018

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ስቶይል፣

እጅዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልዎ። ስለ እናቴ መቃብር ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ደብዳቤዎን ካነበብሁ በኋላ ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልሁም። እዚህ ያሉ ሰዎች የአውሮፓ ጋዜጦች በባለሥልጣን እጅ ስለ መውደቃቸው በየሳምንቱ ይጽፋሉ፤ ሁሉም ግን የሚያወሩት ከሠንጠረዥና ከመቶኛ ነው። ለጋዜጣ የተጻፈ ደብዳቤ ማዘጋጃ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጦ የተገኘበት ታሪክ ማንም ሰምቶ አያውቅም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሥራዬ የአንድ ዓመት ኮንትራት ነው፤ በእነዚህ ወራት አንድ ጥሩ ነገር ማውጣት ነበረብኝ።

አለቃዬ ፊሊፓ ትባላለች፤ ብሎጉን አሥር ዓመት አርማለች። ረቂቁን ሳሳያት ወደደችው። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች።

«ራሊ፣ ይሄ ‘ሁለተኛ መዝገብ፣ ገጽ አርባ አንድ’ ምንድን ነው?»

«ማስረጃው ነው።»

«አንባቢዬ እኮ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ነው የሚያነበው። ወይ የሚነካው ሊንክ ስጪው፣ ወይ አውጪው።»

መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ የለም፣ ሊንክ የለውም። እኔም ቢቀር ይሻላል ወደ ማለቱ ነኝ። ከተማዋንም «አንዲት ትንሽ ከተማ» ብዬ ልለፋት ወይ? እርስዎ የሚሉትን እጠብቃለሁ።

ለንደን እየጨለመች ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ።

ራሊጻ

•

ስታራ ሊፓ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2018

ለተወደድሽው ለራሊጻ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ። ስለ በዓሉ አልመለስሽልኝም፤ ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል።

ለሁለቱ ጥያቄዎችሽ መልሴ አንድ ነው፤ አይሆንም።

ከተማዋ ስም አላት። «አንዲት ትንሽ ከተማ» ብለሽ ከጻፍሽ ከንቲባው «እኛን አይደለም» ብሎ ያልፈዋል፤ የጎረቤት ከተማ ከንቲባም እንዲሁ። ስም የሌለው ከተማ ውሃ ቢጠማው ለማንም ግድ አይሰጠውም።

ገጹም ይቀመጥ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። ገጹ ያልተጠቀሰ ማስረጃ የገበያ ወሬ ነው። አለቃሽ አንባቢዋ አውቶቡስ ላይ ቆሟል ካለች፣ ይቀመጥና ያንብብ በያት። አምስተኛ ክፍል ሳለሽ ስለ ንቦች የጻፍሽውን ታስታውሻለሽ? «መጽሐፍ ላይ አነበብሁ» ብለሽ አመጣሽው። የትኛው መጽሐፍ ስልሽ አለቀስሽ። ዛሬ ታለቅሺ እንደሆነ አላውቅም፤ ጥያቄዬ ግን ያው ነው።

ቬሊችካን ጠይቄያታለሁ። «መምህር፣ ይጻፉት። ሰማንያ ሦስት የሰው ደብዳቤ ደረቴ ላይ ታቅፌ ልሞት ነው እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ በእሷ በኩል አትስጊ።

ዛሬ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነበር፤ አልመጣም።

ስቶይል

•

ለንደን፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2018

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን ለቅዱስ ኒኮላስ በዓል አደረሰዎ። የበዓሉ ዓሣ ይጣፍጥልዎ፤ ለእኔም አንድ ጉርሻ ይተዉልኝ።

ጽሑፉ ኖቬምበር 29 ወጣ! አትሜ አያይዤልዎታለሁ። ርእሱ «የአንባቢው ደብዳቤ የት ገባ?» ነው። ገጹም ቁጥሩም አለ። ለፊሊፓ የእርስዎን ቃል እንዳለ ተርጉሜ ነገርኋት፤ «ይቀመጥና ያንብብ» የሚለው ጋ ስደርስ ሣቀችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ሰውዬ እፈራዋለሁ» ነው ያለችው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አንብቦታል። ትንሽ ሊመስልዎ ይችላል፤ ለእኛ ግን ጥሩ ነው። ብራስልስ ያለ አንድ ሰው ለጓደኞቹ አካፍሎታል። አንድ ፕሮፌሰር ሥሩ አስተያየት ጽፏል፤ አስተያየቱ ስለ ራሱ መጽሐፍ ቢሆንም።

ለገና መምጣት የምችል አይመስለኝም። የአውሮፕላኑ ዋጋም፣ ሥራውም። ለፋሲካ እንየው።

አክባሪዎ ራሊጻ

•

ስታራ ሊፓ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2018

ለራሊጻ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ እንግሊዝኛው ለእኔ ቢከብድም በመዝገበ ቃላት ተወጥቼዋለሁ። በደንብ ጽፈሽዋል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

አሁን አጥብቄ የምጠይቅሽ ነገር አለ።

ምክትል ከንቲባው ፕላመን የከተማዋ ስም ኢንተርኔት ላይ በተጠራ ቁጥር መልእክት እንዲደርሰው አድርጎ ኖሯል። ጽሑፍሽ በወጣ በማግሥቱ አንብቦታል፤ አትሞም ይዞታል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ካልሻቸው አንዱ እሱ ነው። ባለፈው ሰኞ በመዝገብ ቤቱ ኮሪደር የሚሠሩትን ሦስት ሰዎች፣ ቬሊችካን፣ ጸሐፊዋንና የማኅደር ክፍሉን ሽማግሌ፣ አንድ በአንድ እያስገባ «ከውጭ ሰው ጋር ማን አወራ?» ሲል መረመራቸው። ሦስቱም አናውቅም አሉ።

ልብ በዪ። ማዘጋጃ ቤቱ ሁለት የገቢ ደብዳቤ መዝገብ አለው። አንደኛው መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ሦስቱም የሚጽፉበት ነው። ሁለተኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ነው፤ ቁልፉ ቬሊችካ ጋ ብቻ ነው። ፕላመን እስካሁን ነገሩ ከመስኮቱ መዝገብ የወጣ መስሎታል። የጠቀስነውን ቁጥር ልብ ብሎ አላየውም። ያየ ቀን ሌላ ጥያቄ አያስፈልገውም።

ስለዚህ «ሁለተኛው መዝገብ» የሚለውን፣ ገጹንና ሦስቱን ቁጥሮች ከጽሑፉ አውጫቸው። ምንም ሳትዪ አውጫቸው። ዛሬውኑ።

ለምን አልደወሉም እንዳትዪኝ። የእኔ ዕድሜ ሰው በስልክ የማይናገረው ነገር እንዳለ እናትሽ አስተምራሽ ነበር። በድሮው ሥርዓት የሰውን ስልክ ያዳምጥ የነበረው የማዘጋጃ ቤቱ የስልክ ኦፐሬተር ዛሬም በሕይወት አለ፤ በየጠዋቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘዋለሁ።

ስቶይል

•

ለንደን፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2019

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንኳን አደረሰዎ፤ አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ። ደብዳቤዎ በበዓሉ ምክንያት ዘግይቶ ጃንዋሪ 9 ነው የደረሰኝ። ወዲያው ወደ ፊሊፓ ሄድሁ፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከጽሑፉ አወጣነው። መዝገቡ፣ ገጹ፣ ቁጥሮቹ፣ አንድም አልቀረም። አሁን ይረፉ።

አንድ ነገር ላስረዳዎ፤ የብሎጉ ደንብ ነው። አንድ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ አንድ ቃል እንኳ ቢቀየር ከሥሩ ምን እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ መጻፍ አለበት። በድብቅ መቀየር እዚህ ቤት ውስጥ ከስርቆት የማያንስ ነውር ነው። እኔም ተስማምቻለሁ፤ የሚያነብ ሰው ሳያውቀው ጽሑፍ መለወጥ የ«ሊፓ ድምፅ» ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም። ስለዚህ ከሥሩ ይህን ጻፍን፦

«ጃንዋሪ 10፦ የመረጃ ምንጭን ደህንነት ለመጠበቅ ሲባል፣ የመዝገቡ መለያ፣ ገጽና ቁጥር ከዚህ ጽሑፍ ወጥተዋል።»

ስምም የለበትም፣ ከተማም የለበትም። ያስተማሩኝን መንገድ የተከተልሁ ይመስለኛል።

ፊሊፓ ተከታይ ጽሑፍ ትፈልጋለች። ደብዳቤያቸው ከጋዜጣው ወደ ማዘጋጃ ቤት ከተላከባቸው ሰዎች ሁለት ወይም ሦስት ቢያገኙልኝ፣ ስማቸውን ሳልጠቅስ ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ። ሲመችዎ።

ራሊጻ

•

ስታራ ሊፓ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2019

ለራሊጻ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ጃንዋሪ 10 ከሰዓት በኋላ፣ ጽሑፉ ሲቀየር፣ ለፕላመን አዲስ መልእክት ደረሰው። ከፍቶ አነበበ። ከሥር የጻፋችሁትን አየ። ከዚያ በኖቬምበር መጨረሻ ያተመውን ወረቀት ከመሳቢያው አወጣና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ማግኘትን ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ እሱም ተማሪዬ ነበር። ጎበዝም ነበር።

ጃንዋሪ 11 ጠዋት መዝገብ ቤት ገባ። የሚከተለውን ቬሊችካ ናት የነገረችኝ።

«ቬሊችካ፣ የዚህ ቁም ሳጥን ቁልፍ ስንት ነው?»

«አንድ ነው።»

«የት አለ?»

«አንገቴ ላይ።»

«እስቲ ክፈቺልኝና ሁለተኛውን መዝገብ ገጽ አርባ አንድ ላይ አውጪልኝ።»

ከፈተች፤ አወጣች። እሱም ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ እያንሸራተተ ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ። ሲጨርስ፣

«እንግሊዞቹን አመስግኚልኝ። እኔ እኮ ቁጥሩን ዘልዬው ነበር» አላት።

ጃንዋሪ 14 «በአደረጃጀት ለውጥ ምክንያት» የሥራ መደቧ እንደተሰረዘ የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጧት። ደብዳቤውን ወጪ መዝገብ ላይ ራሷ እንድትመዘግበው አደረጓት። ቁጥር 37። መዘገበችው።

ደንባችሁን አልወቅስም። በራሴ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ እኔም ያንኑ ደንብ ባወጣሁ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝልሽ ይገባል። በኖቬምበር ቬሊችካን ጠይቄያታለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። የጠየቅኋት ይጻፍ ወይ ብዬ ነው። ገጹ ይጠቀስ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ለአንቺ ደግሞ በእሷ በኩል አትስጊ አልሁሽ። ገጹ የእኔ መስሎኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገቡን የያዘችው እሷ መሆኗን ያወቅሁት አሁን ነው ማለት አልችልም፤ ያኔም አውቅ ነበር። ትክክል መሆኔን ግን ከሁሉ አስበለጥሁ።

ሰዎችን ፈልግልኝ ስላልሽው፤ የሚያነጋግርሽ የለም።

ስቶይል

•

ለንደን፣ ማርች 30 ቀን 2019

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሁለት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ?

ያደረግሁትን ልንገርዎ። ፊሊፓን ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ከብሎጉ አንሺው ብዬ ለመንኋት። ቆማ ሰማችኝ፤ በሩን ዘግታ አቀፈችኝም። ከዚያ፣

«ራሊ፣ ብናነሣው ሴትዮዋን ምን ይጠቅማታል?» አለችኝ።

«አላውቅም። ግን እዚያ ተቀምጦ ማየት አልችልም።»

«አንዴ የወጣ ነገር አይጠፋም። ቤተ መጻሕፍቱ የብሎጉን ገጾች በሙሉ ቅጂ ያስቀምጣል፤ ሌሎች ሰዎችም በጥናታቸው ጠቅሰውታል። ብንሰርዘው የሚጠፋው ከእኛ ገጽ ላይ ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው። አሁን ጽሑፉ ስድስት መቶ አርባ ጊዜ ተነቧል፤ ሁለት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ተጠቅመውበታል።

ፊሊፓም እኔም አንድ ነገር እናስባለን። ቬሊችካን ሊጠብቃት የሚችለው ዝምታ ሳይሆን ስሟ ነው። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሰው ደብዳቤ በመመዝገቧ ብቻ ከሥራ ተባረረች ብለን በስሟና በፎቶዋ ብንጽፍ፣ እዚህ ለጋዜጠኞች መብት የሚሟገቱ ሰዎች አሉ፤ ብራስልስም ይሰማል። ጠበቃም ይገኝ ይሆናል። እባክዎ ይጠይቋት። እሺ ካለች ሜይ ውስጥ ማውጣት እንችላለን። ይቅርታዬንም ይንገሩልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ኮንትራቴ ለሁለት ዓመት ታድሶልኛል።

ለፋሲካ ልመጣ ነበር፤ አልተሳካልኝም።

ራሊጻ

•

ስታራ ሊፓ፣ ሜይ 26 ቀን 2019

ለራሊጻ፣

ደህና ነሽ ብዬ አምናለሁ። ስለ ኮንትራትሽ እንኳን ደስ አለሽ። ከልቤ ነው።

ከመልሴ በፊት የከተማውን ዜና ልስጥሽ፤ ሁልጊዜ ትጠይቂኝ ስለነበር። ጽሑፍሽን አንድ ሰው ወደ ቡልጋርኛ ተርጉሞ አትሞት በገበያው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ተርጓሚው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሁሉ አነበበው። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዷ፣

«እና ደብዳቤዬ ፕላመን ጠረጴዛ ላይ ነበር በሉኛ!» ስትል፣ ከኋላዋ ያለው፣

«ስምሽን ጽፈሽ ነበር?» አላት።

«ስሜን ካልጻፍሁ ደብዳቤ ነው እንዴ?»

«እንግዲህ አትጻፊ።»

አልጻፈችም። ማንም አልጻፈም። በቬሊችካ ቦታ የገባችውን ልጅ ጠይቄያታለሁ፤ ከማርች ወዲህ ከጋዜጣው ወደ ማዘጋጃ ቤት የተላከ አንድም የአንባቢ ደብዳቤ የለም። ፕላመን ከልክሎ አይደለም። ደብዳቤያቸው የት እንደሚገባ ካወቁ በኋላ የሚጽፍ ሰው ጠፋ። ባለፈው ዓመት ሰማንያ ሦስት ነበሩ። ውሃው አሁን በየሦስት ቀኑ ነው።

ከትናንት በስቲያ ሜይ 24 የፊደልና የመምህራን በዓል ነበር። የቀድሞ ተማሪዎች አበባ ይዘው መምህሮቻቸው ቤት የሚሄዱበት ቀን መሆኑን ታውቂያለሽ። ዘንድሮ አልመጡም። አልቀየምኋቸውም፤ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ ልጅ ወይም አማች የሌለው ሰው በዚህ ከተማ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቬሊችካን ጠይቄያታለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሁሉንም ነግሬ ነው የጠየቅኋት። ይቅርታሽንም አድርሻለሁ። የጠየቅኋት አውቶቡስ ጣቢያ ነው። ጣሊያን አገር አንዲት ሽባ አሮጊት ለመጠበቅ ተቀጥራ፣ ባለፈው ማክሰኞ ሄደች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጣሊያንኛ አትችልም። ሻንጣዋን በገመድ አሥራው ነበር።

«ስሜን ይጻፉና ምን ይሆናል፣ መምህር?»

«ብራስልስ ይሰማል ይላሉ።»

«እስካሁን ስንት ሰው አነበበው?»

«ስድስት መቶ አርባ።»

«ከእነሱ ውስጥ ስለ ውሃው የጠየቀ አለ?»

አንቺ ስላልጻፍሽልኝ አላውቅም አልኋት። ሾፌሩ ሞተር አስነሣ። እሷም እንደ ተማሪነቷ ጊዜ እጄን ስማ ወጣች። ከመስኮቱ ሆና አንድ ነገር ተናገረች፤ መስተዋቱ ዝግ ስለነበር አልሰማሁትም። እንድትደግመው ምልክት ሰጠኋት፤ ራሷን ነቀነቀች፤ አውቶቡሱ ሄደ።

ስለዚህ መልሱ አይሆንም ነው። ስሟን አትጻፊ፤ ፎቶዋንም አታውጪ። ስለዚህች ከተማም ከእንግዲህ ከእኔ አንድም ቃል አትጠብቂ። ተቆጥቼ አይደለም። ከእኔ የሚወጣ ነገር ሁሉ ገጽ አለው፤ ገጹ ደግሞ የሰው ነው።

የቬሊችካን እናት እኔ ነኝ የማያት። ቤቷ ከእኔ ሦስተኛው በር ነው። ጠዋት ውሃ በመጣ ቀን ባልዲዎቹን እሞላለሁ፤ ቀን ሾርባ አሞቃለሁ፤ ጎረቤት ሴት ደግሞ ታጥባታለች። ልጇ መሄዷ ተነግሯታል፤ ግን አይጸናባትም። በየቀኑ ከቀትር በኋላ፣

«መምህር፣ ቬሊችካ ከመዝገብ ቤት ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» ትለኛለች።

«አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ» እላታለሁ።

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ትጠብቃለች። እኔም አብሬያት እቀመጣለሁ።

ስቶይል